ጃዝ ፊውዥን የተጀመረው በ«ቢችስ ብሩ» አይደለም

«ጃዝ ፊውዥንን (ጃዝን ከሮክ ጋር የሚቀላቅለውን ስልት) የፈጠረው ትራምፔተኛው ማይልስ ዴቪስ ነው፤ የተጀመረውም በ1970 ‹ቢችስ ብሩ› የተባለው አልበሙ ሲወጣ ነው» የሚል አስተያየት እዚህ ተደጋግሟል። በአክብሮት ላርም። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው።)

አልበሙ ፊውዥንን ለብዙ አድማጭ ማድረሱ አያከራክርም። ጊታሪስቱ ላሪ ኮርየል ግን ከ«ፍሪ ስፒሪትስ» ባንድ ጋር ጃዝና ሮክ ቀላቅሎ የቀዳው በ1966 ነው። በ1967 የቫይብራፎን ተጫዋቹ ጋሪ በርተን «ደስተር» የተባለውን አልበም ሲሠራም ጊታር የተጫወተው ይኸው ኮርየል ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የድራመሩ የቶኒ ዊሊያምስ ነገር ነው። ከማይልስ ባንድ ወጥቶ፣ ከጊታሪስቱ ጆን ማክላፍሊንና ከኦርጋኒስቱ ላሪ ያንግ ጋር «ኢመርጀንሲ» የተባለውን አልበም የቀዳው በሜይ 1969 ነው፤ «ቢችስ ብሩ» የተቀዳው ኦገስት ላይ። ማክላፍሊንን ከእንግሊዝ ወደ ኒውዮርክ ያስመጣውም ዊሊያምስ ነው፤ ማይልስ ጊታሪስቱን ያገኘው በእሱ በኩል ነው። የማይልስም የራሱ «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» የተቀዳው ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 1969 ነው።

ማጣራት የፈለገ የአልበሞቹን ሽፋን ጀርባ ይመልከት፤ የወጡበትን ሳይሆን የተቀዱበትን ቀን። 1970ን መነሻ ካደረግን ኮርየልና ዊሊያምስ ከማይልስ የኮረጁ ይመስላሉ፤ በርተንማ ጭራሽ አይነሳም።