ፊርማችን የት ነው የሚሄደው?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ወላጆች በትምህርት ቤት ጉዳይ እንደማይሳተፉ ይናገራል። እኔ ደሴ ውስጥ ሁለት ልጆቼን ትምህርት ቤት የምልክ ወላጅ ነኝ፤ አልስማማም።

ዓምና ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ስብሰባ ጠራ። ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ሰኞ እኮ ገበያ ነው! ነጋዴዋ እናት ጉሊቷን ለማን ትታ ትምጣ? እኔ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። በር ላይ ባዶ ወረቀት ሰጥተው «ፈርሙ» አሉን። የመጣውን ሰው ለመመዝገብ መስሎኝ ፈረምኩ። ስንገባ የመዋጮው መጠን ተወስኖ አልቋል። አንዲት እናት ተነስተው «የአምናው ብር ምን ላይ ዋለ?» ብለው ጠየቁ። «ሰዓት የለንም» ተባሉ። በኋላ ያ ፊርማ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ «ወላጆች በሙሉ ድምፅ አጽድቀዋል» ተባለ። በጣም ነው ያዘንኩት።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ ትምህርት ቤቶች ኅብረተሰቡ በተወከለበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ እንዲመሩ ይል ነበር። የወላጅ መምህር ኅብረትም አለ።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። አጀንዳው ከሳምንት በፊት በር ላይ ይለጠፍ። ስብሰባው እሁድ ከሰዓት ይሁን። የገባውና የወጣው ብር በአንድ ገጽ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ይውጣ፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የእኚያ እናት ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም።