ጥናቱንም ማን ያሠራላቸው?

የአሜሪካ መንግሥት ኢኮኖሚያቸው ለተጎዳ አካባቢዎች የቴክኒክ ድጋፍ ገንዘብ፣ ማለትም ለጥናትና ለመሰል ዝግጅት የሚውል ገንዘብ ይሰጣል። በቅርቡ ስለዚህ ድጋፍ አንድ ጽሑፍ ያወጡ ሰው ገንዘቡን «ለወረቀት የሚባክን» ብለውታል። አልስማማም። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የከሰል ማዕድኑ የተዘጋበት ትንሽ ከተማ ኖሬአለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ የነበረችው አንዲት ጸሐፊ ብቻ ናት። የውሃ ሒሳብ የምትሰበስበውም፣ ስልክ የምታነሳውም እሷው። እንዲህ ያለ ከተማ የአዋጭነት ጥናት፣ ማለትም አንድ ፕሮጀክት ያዋጣ እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት፣ በምን አቅሙ ያሠራል? ጥናት ሳይኖር ደግሞ ትልቁን የግንባታ ገንዘብ መጠየቅ ከባድ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ድጋፉ ለማን እንደሚሰጥ የሚለየው መስፈርት ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የኢኮኖሚ ልማት አስተዳደሩ፣ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ፣ ሥራ አጥነቱ ለ24 ወራት ከአገሪቱ አማካይ ቢያንስ በ1 የመቶኛ ነጥብ መብለጡን ነው። ወጣቱ ከተማውን ጥሎ ሲሄድ ግን የሥራ አጡም ቁጥር አብሮት ይወርዳል። ቤቶቹ እንደተዘጉ ናቸው። ማመልከቻ መሙላቱም ራሱ ሰው ይፈልጋል፤ እገዛው ከዚያ ቢጀምር ደስ ይለኛል።