ቦምብ ምድርን አይበታትናትም

ወንድሜ፣ «በዓለም ያለው ኒውክሌር ቦምብ ሁሉ ባንዴ ቢፈነዳ ምድር ትበታተናለች፣ ስለዚህ ሳይንስ ልቦለድ ላይ ያለው ፕላኔት አፍራሽ መሣሪያ ሩቅ አይደለም» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ይለዋል፣ ግን ስህተት ነው።

ምድርን አንድ ላይ የያዛት የራሷ ስበት ነው። ድንጋዩን ሰነጣጥቀህ ብቻ አትገላገልም፤ ፍርስራሹን በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ካላስፈነጠርከው ተመልሶ ይወድቅና እንደገና ድብልብል ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት ፀሐይ በሁሉም አቅጣጫ የምትረጨው ኃይል፣ ምንም ሳይባክን፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ቢጠራቀም የሚገኘው ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1961 ኖቫያ ዜምሊያ በተባሉት የአርክቲክ ደሴቶች ላይ ያፈነዳችው ዛር ቦምብ፣ እስከ ዛሬ ከፈነዱት ሁሉ ትልቁ፣ ጉልበቱ 50 ሜጋቶን፣ ማለትም የ50 ሚሊዮን ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ ያህል ነበር። እሱን የሚያህል 1 ሺህ ትሪሊዮን ገደማ ያስፈልግሃል። ሺህ አላልኩም፣ ሺህ ትሪሊዮን!

ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሜክሲኮ፣ ዩካታን ላይ የወደቀውን አስትሮይድም (ከጠፈር የመጣ ግዙፍ ድንጋይ) አስበው። ስፋቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ ጉልበቱም ዛሬ ካለው የኒውክሌር ክምችት በሙሉ እጅግ ይበልጣል። ዳይኖሰሮቹን ጨረሰ፣ ከወፎች ዘር በቀር። ምድር ላይ የተወው ግን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ ነው።

ኒውክሌር ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም፣ በጣም ነው የሚያስፈራኝ። ከተማ ያነዳል፣ ጥቀርሻው ፀሐይን ጋርዶ ሰብል ሊያጠፋ ይችላል። ግን ያ የሰው እልቂት ነው፣ የፕላኔት መበታተን ሌላ ነገር ነው። መጻፍ የጀመርከው የሳይንስ ልቦለድ ላይም መሣሪያው የምድርን ገጽ ብቻ የሚያቃጥል ቢሆን ይበልጥ አምንሃለሁ።