ድሃው መድን አለው አሉን

ሰሞኑን አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ዋጋ ጨመረ። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ብቻም አይደለም። ካርዱ፣ ላቦራቶሪው፣ አልጋው፣ አልትራሳውንዱ፣ ሁሉም ተከልሶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ያናደደኝ ከተገልጋዮች ጋር በተደረገው ውይይት አንድ ኃላፊ የሰጡት መልስ ነው። «ጭማሪው ድሃውን አይነካም፤ ድሃው የጤና መድን አለው» አሉ።

አይነካም? እስቲ ፋርማሲው መስኮት አጠገብ ትንሽ ይቁሙ። የመድን መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው የያዙ እናት ማዘዣውን ያቀብላሉ። ፋርማሲስቷ አየት ታደርገዋለች፤ ወደ መደርደሪያው እንኳ አትዞርም። «የለም እናቴ፣ ውጪ ይግዙ።» ውጪ ማለት ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የግል ፋርማሲ ነው። እዚያ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው የኢንፌክሽን መርፌም፣ ሲሪንጁም፣ ጓንቱም ሞልቷል፤ ግን በጥሬ ብር ነው። መታወቂያው እዚያ አይሠራም። መድኑን ከሚያስተዳድሩት ወረዳዎች ደረሰኝ አምጡና ይተካላችኋል የሚልም አይጠፋም፤ ለዚያ ደግሞ የመመላለሻውን ትራንስፖርት ማን ይክፈል?

መድኃኒቱ ለምን ጠፋ የሚለውን ኃላፊው ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሆስፒታሉ ባለመድኑን ያክምና ሂሳቡን ለመድኑ ይልካል። መድኑ ሲመቸው ይከፍላል። እስከዚያው ሆስፒታሉ መድኃኒት አቅራቢው ዘንድ ዕዳ ይከምራል፤ ዕዳ የከመረ ደግሞ እንደገና በዱቤ ስጡኝ ሲል ፊት ይነሱታል። መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። እኚያ እናት መዋጮ ከፍለው፣ መድኃኒቱንም ከኪሳቸው ገዝተው ይገቡና በዓመቱ አድሱ ሲባሉ «ለምኑ?» ይላሉ። ከመድኑ ቀድሞ የሚወጣው ደግሞ ጤነኛው ነው፤ በየወሩ ሐኪም ቤት የሚመላለሰው ይቀራል፤ ስለዚህ መዋጮው ይቀንሳል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ክፍያውም የባሰ ይዘገያል። በዚህ ላይ ታሪፍ ጨምሩበት እንግዲህ! ለመድኑ የሚላከው ሂሳብ ያብጣል። የድሮውን መክፈል ያቃተው አዲሱን በምን ይከፍላል? ጭማሪው መጀመሪያ የሚያገኘው ያንኑ «አይነካውም» የተባለውን ባለመድን ነው፤ ሆስፒታሉም ቢሆን ገቢው ያደገው በወረቀት ላይ ነው።

ዕቃ ተወደደ፣ አልክድም። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሪኤጀንት፣ ማለትም የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል፣ መግዛት ራስ ምታት ነው። የዶላሩን ጣጣ ግን ጤፍ ሸጦ መዋጮ የሚከፍለው ገበሬ ለምን ይሸከማል?

የሚገርመው፣ ገበሬው ብቻውን እንዲሸከም አልነበረም የታሰበው። እኚያ እናትና ገበሬው መዋጮ የሚከፍሉበት ማኅበረሰብ አቀፉ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተባለ። ደመወዝተኛው አጉረመረመ፣ መንግሥትም ዛሬ ነገ እያለ ከአሥር ዓመት በላይ አንከባለለው። ገበሬውንስ ማን ጠየቀው? ድሃ ከድሃ ጋር እንዲረዳዳ ተደርጎ ገንዘቡ ለምን አልበቃም ይባላል። የአፍሪካ መንግሥታትም በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ የእኛ የት እንደደረሰ ባለሥልጣኖቻችን ሲያነሱት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ኃላፊው መልስ መስጠት ከፈለጉ የትኛው ወረዳ መድን የስንት ወር ክፍያ ለሆስፒታሉ እንዳላስገባ፣ ሆስፒታሉ አቅራቢው ዘንድ ስንት ዕዳ እንዳለበት ይንገሩን። የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ምን ምስጢር አለው? መጀመሪያ ይህ ይከፈል፤ ስለ ታሪፍ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። የእድሳት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ የቀበሌ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ «የግንዛቤ እጥረት አለ» አይበለን። እኚያ እናት ግንዛቤ አላጠራቸውም፤ ያጡት ሴፍትሪያክሶን ነው።