ጫማዎትን ያውልቁ የሚል ሰው ጠፋ

ቡራዩ አክስቴ ቤት ነኝ። ከሜልበርን የመጣሁት ለእረፍት ነበር፤ ግን አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው፤ ሳልጽፈው አላድርም።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ማታ የአክስቴን እግር ሳጥብ (በልጅነቴ የኔ ሥራ ነበር፣ ናፍቆኝ ነው) ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። ጭቃ መስሎኝ ፈተግኩት። አልለቀቀም። እግራቸውን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጌ አየሁት። ዳሩ ወጣ ገባ ነው፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቡኒ። «ተይው ልጄ፣ ማርያም የሳመችኝ ነው» አሉኝ። መቼ ወጣ? የዛሬ ሁለት ዓመት። ማርያም የሳመችው እኮ ከልጅነት ጀምሮ ያለ ነው፤ በስልሳ አምስት ዓመት የሚወጣ አይደለም!

ክሊኒክ ሄደው ነበር። ቅባት ታዘዘላቸው። ጫማዎትን ያውልቁ ያላቸው ግን የለም። የነደደኝ እዚህ ላይ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ነገሩ፣ ወረቀት ተጻፈላቸው፣ ወጡ። በቃ።

የፈራሁት የቆዳ ካንሰርን ነው። የምኖርባት አውስትራሊያ ይህ በሽታ በዓለም ላይ በጣም ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ልጄ በበጋ ኮፍያውን ከረሳ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አያጫውቱትም፤ ጥላ ሥር ይቀመጣል። እኔ ግን ለዓመታት «የፈረንጅ በሽታ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ሐኪሜ ካልሲሽን አውልቂ አለችኝና የእግር ጣቶቼን መሃል ሳይቀር አየች። ሜላኖማ የሚባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው አለችኝ። ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ኮፍያም የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ከዚህ አያድንም፤ ያለው መላ ማየት ነው። ቶሎ ከተገኘ ቆርጦ በማውጣት ይድናል። ከተሰራጨ ግን ከባድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በስሙ አደባባይ የሰየምንለት ቦብ ማርሌይ እኮ በዚሁ ነው የሞተው። በ1977 እ.ኤ.አ. በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አለፈ።

ፀሐዩ አያሳስብም ማለቴ አይደለም። እዚህ ሰፈር አንድ አልቢኖ ልጅ አለ፤ ቆዳው ከፀሐይ የሚከልለው ቀለም የለውም፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዚህ ፀሐይ፣ ባዶ ራሱን ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲጫወት ይውላል። ለእሱ ሰፊ ኮፍያ፣ እጅጌ ረጅም ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቅንጦት አይደሉም። ትናንት ኮፍያዬን ሰጠሁት።

ድሮ እኮ የታላላቆቻችንን እግር አጥበን፣ ስመን ነበር የምንተኛው። በየማታው የሚያይ ዓይን ነበር። አሁን ሁሉም ለየራሱ ሻወር ይገባል፤ የአክስቴን ውስጥ እግር ሁለት ዓመት ሙሉ ያየው ሰው የለም።

ዛሬ ጠዋት የቆዳ ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። ናሙና ተወስዷል፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ከሰዓት ቡና ላይ ፋሻቸውን እያሳዩ ጎረቤቶቻቸውን በሙሉ ጫማ አስወለቁ። አንዲት እናት ብቻ እግሬ ቆሽሿል ብለው አፍረው እምቢ አሉ። ሳፋውን ሞልቼ አመጣሁና እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ።