ማስተካከያ፦ ስለ ሼፍ ኖቡ ማትሱሂሳና ስለ ሚሶ ዓሣው

ቀደም ሲል የወጣው ጽሑፍ፣ ጃፓናዊው ሼፍ ኖቡ ማትሱሂሳ ከአገሩ ውጭ ሥራ የጀመረው በ1994 ኒውዮርክ ላይ ነው ይላል። ስህተት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቶኪዮ ውስጥ በሱሺ (በሩዝና በአብዛኛው በጥሬ ዓሣ የሚሠራ የጃፓን ምግብ) ቤት ከሠለጠነ በኋላ በ1973 ወደ ፔሩ ሄዶ ሊማ ላይ በሽርክና ምግብ ቤት ከፈተ። ቀጥሎ አርጀንቲና፤ ከዚያም አላስካ። በአላስካዋ ከተማ አንኮሬጅ የከፈተው ምግብ ቤት ብዙም ሳይቆይ በእሳት ወደመ። "ማትሱሂሳ" የተባለውን ምግብ ቤት በአሜሪካ ቤቨርሊ ሂልስ የከፈተው በ1987 ነው፤ የ1994ቱ የኒውዮርክ ምግብ ቤት "ኖቡ" ከተዋናዩ ሮበርት ደ ኒሮ ጋር በሽርክና የመጣ ነው። ፔሩን ዘልሎ ስለ እሱ መጻፍ አይቻልም፤ ጥሬ ዓሣን በሎሚና በቃሪያ ማጣፈጡን ያገኘው እዚያ ነው።

ዓሣው በሚሶ (ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ ጨዋማ ለጥ ያለ ማጣፈጫ) "ለሁለት ሰዓት" ይዘፈዘፋል የተባለውም መታረም አለበት፤ ከ2 እስከ 3 ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ለ4 ቁራጭ ብላክ ኮድ (ስብ የበዛበት የባሕር ዓሣ) 150 ሚሊ ሊትር ሳኬ (የጃፓን የሩዝ መጠጥ)፣ 150 ሚሊ ሊትር ሚሪን (ለማብሰያ የሚሆን ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ)፣ 450 ግራም ነጭ ሚሶና 225 ግራም ስኳር ይበቃል። ሳኬውና ሚሪኑ አልኮሉ እንዲተን ለ20 ሰከንድ ያህል ይፈላሉ፤ እሳቱ ተቀንሶ ሚሶው ይጨመራል። ሲሟሟ እሳቱ ከፍ ብሎ ስኳሩ ይገባል፤ ማማሰሉ ከተቋረጠ ድስቱ ሥር ያራል። ውህዱ ሳይቀዘቅዝ ዓሣው ላይ ከፈሰሰ ላይ ላዩን ያበስለዋል። ከመጠበሱ በፊት ሚሶው በእጅ ይጠረጋል እንጂ በውኃ አይታጠብም፤ በዝቶ ከቀረ ግን የዓሣው ውስጥ ሳይበስል ስኳሩ ይከስላል። ስብ የሌለው ዓሣ መተካትም አያዋጣም፤ የሚሶው ጨው ውኃውን መጥጦ ያደርቀዋል።