ሲመጣ «ፈላጊ»፣ ሲሄድ «ከሃዲ»

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ ሰባኪ ለአንዲት ወጣት ደዋይ የሰጡትን መልስ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፤ ተቆርጦ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷልና። ወጣቷ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር። በእምነቷ እንደጸናች፣ ነገር ግን ሌሎች ሰዎች ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሞትና ስለ ጸሎት ምን እንደሚያምኑ ለማወቅ መጻሕፍታቸውን እንደምታነብ፣ አልፎ አልፎም አስፈቅዳ በአምልኳቸው ሰዓት ከኋላ ተቀምጣ እንደምትከታተል ተናግራ፣ ይህ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ጠየቀች። ሰባኪው አላስጨረሷትም። ሔዋንን ያሳታት ይኸው የማወቅ ጉጉት እንደሆነ፣ እውነትን የያዘ ሰው የሌላውን ደጅ የሚያንኳኳበት ምክንያት እንደሌለው፣ እንዲህ የሚዞር ሰውም በመጨረሻ የራሱንም አጥቶ ባዶ እጁን እንደሚቀር ነገሯት። አወያዩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ወደ ቀጣዩ ደዋይ ታለፈ።

ከዚያ ወዲህ መልሱን «አባታዊ ምክር» እያሉ ሲያሞግሱት የሰነበቱ ሰዎች አሉ። እኔ ግን አባት ልጁ የጠየቀውን እስከ መጨረሻው ይሰማል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ምክሩን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ክርክር ልመርምረው።

ከሔዋን ልጀምር፤ ከሦስቱ መከራከሪያዎች ሁሉ ጨርሶ ውሃ የማያነሳው ይኸኛው ነውና። ኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 3 ገልጦ ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው በዚያ ታሪክ ውስጥ ጠያቂው እባቡ ነው፤ ለዚያውም ለማወቅ አልጠየቀም፣ መልሱን በሆዱ ይዞ ነው የመጣው፤ ከየመድረኩ የምንሰማቸው ብዙዎቹ ጥያቄዎችም እንዲሁ ናቸው። ሔዋን መለሰች እንጂ አልጠየቀችም። ስለ ፈጣሪዋ ሐሳብ ሌላ ወገን የነገራትን ወሬ ወደ ባለቤቱ ወስዳ እውነት መሆን አለመሆኑን ሳታጣራ እንዳለ ተቀበለችው። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ትምህርት ይወሰድ ከተባለ፣ ስለ አንዱ የሌላው አፍ የሚናገረውን ሳይመረምሩ መቀበል አደገኛ መሆኑን ነው የሚያስተምረው። ሰባኪው ከደዋይዋ የጠበቁት ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ስለ ሌሎች እምነት እርሳቸው የሚነግሯትን ይዛ ዝም እንድትል። መጽሐፉ ራሱ በዚህ አይተባበራቸውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የቤርያ ሰዎች «ልበ ሰፊዎች» ተብለው የተመሰገኑት የጳውሎስን ስብከት እንኳ እንዲሁ ሳይቀበሉ ነገሩ እውነት ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት ስለመረመሩ ነው። ሐዋርያ ሲመረመር ካልተቆጣ፣ የቴሌቪዥን ሰባኪ የሚቆጣበት ምክንያት አይገባኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሚሰብክ ሃይማኖት ሁሉ ዘንድ እጅግ የሚከበረው ምስክርነት ከሌላ እምነት የመጣ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ማይክሮፎን ይሰጠዋል። በተወለደበት እምነት ውስጥ ሳለ ጥያቄ እንዴት እንደጀመረው፣ ሌሊት ተደብቆ የማን መጽሐፍ እንዳነበበ፣ መጀመሪያ ወደ አምልኮው ስፍራ ሲገባ በር ላይ እንዴት እንዳመነታ፣ ዘመዶቹ በሰሙ ጊዜ ምን እንዳሉት ይተርካል፤ ጉባኤው ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል፣ ፈጣሪን ያመሰግናል። ያ ሰው ያደረገው ደዋይዋ ካደረገችው የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም፤ እርሷ አስፈቅዳና በግልጽ ነው፣ እርሱ ተደብቆ ነበር። ለእርሱ የማወቅ ጉጉቱ የጸጋ ጥሪ ተባለለት፤ ለእርሷ የሔዋን ስሕተት ሆነባት። ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ፈላጊ፣ ከእኛ ወጥቶ ሲመለከት ከሃዲ ከሆነ፣ የምንመዝነው አንዱን ሥራ በሁለት ሚዛን ነው። በሁለት ሚዛን መመዘን ደግሞ በየትኞቹ ቅዱሳት መጻሕፍት እንደተወገዘ ለሰባኪ መንገር አይጠበቅብኝም።

ይህ ለአንድ ሃይማኖት ብቻ የሚነገር አይደለም። የክርስትናው ሊቅ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል በፋርስ የተነሣውን የማኒን ሃይማኖት ተከትሏል። ጥያቄዎቹ ሲበዙበት የማኒ ተከታዮች ታላቁ መምህራቸው ፋውስጦስ እስኪመጣ ታገሥ አሉት። ፋውስጦስ መጣ፤ አንደበተ ርቱዕ ነበር፣ የሚመልሰው ግን አልነበረውም፤ አለማወቁንም ሳያፍር ተናገረ፤ አውግስጢኖስም ስለዚህ ቅንነቱ አክብሮታል። (የእኛ ሰባኪ በአየር ላይ የፋውስጦስን ያህል ቅንነት ቢያሳዩ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ።) አውግስጢኖስ በኋላ የፕላቶናውያንን መጻሕፍት አነበበ፣ በሚላን የጳጳሱን የአምብሮስን ስብከት ሄዶ አዳመጠ፣ እ.ኤ.አ. በ387 ተጠመቀ። ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በራሱ እጅ እንደጻፈው ከኢስጦኢኩ ፈላስፋ ወደ አርስጣጣሊሳዊው፣ ከዚያ ወደ ፓይታጎራሳዊውና ወደ ፕላቶናዊው ዞሯል፤ ሁለተኛው መምህር ገና በጥቂት ቀን ውስጥ ክፍያ ስለጠየቀው ጥሎት እንደሄደ ይናገራል። በእስልምና ታሪክ ሰልማን አል-ፋሪሲ ከዞራስተራዊ ቤተሰብ ወጥቶ ከሻም (ከሶርያ) ጀምሮ ከአንዱ ክርስቲያን መነኩሴ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ አገልግሏል፤ በባርነትም ተሽጧል፤ መዲና የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቡድሃም ከቤቱ ከወጣ በኋላ በአላራ ካላማና በኡዳካ ራማፑታ እግር ሥር ተምሮ፣ የሁለቱንም ትምህርት እስከ ጥጉ ሞክሮ ነው ትቷቸው የሄደው።

ለእያንዳንዳቸው በተነሡ ጊዜ «እውነት በእጅህ ሳለ ምን ፍለጋ ትዞራለህ?» የሚላቸው ሰው አልጠፋም ብዬ እገምታለሁ፤ ያን የሚለውም ሰው የሰባኪውን ያህል በራሱ ይተማመን ነበር። የሰባኪው ምክር በ4ኛው ክፍለ ዘመን በካርታጎ ቢሰማ ኖሮ አውግስጢኖስ የማኒ ተከታይ እንደሆነ በሞተ ነበር። «እነርሱ የፈለጉት ገና ስላላገኙ ነው፤ እኛ ግን አግኝተናል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይህን የማይል ሃይማኖት ካለ ግን አሳዩኝ። ሁሉም አግኝቻለሁ የሚል ከሆነና ያገኘ ሰው መስማት የለበትም ከተባለ፣ ማንም ማንንም ሊሰማ አይችልም፤ ያኔ ስብከት ራሱ ትርጉም ያጣል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስብከት በሌላው ወገን ቢያንስ አንድ ጆሮ የሚሰጥ ሰው መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። ሰባኪው በየሳምንቱ የሚጠሩት ያን ሰው ነው። ከጎረቤታቸው ልጅ ጆሮውን ይፈልጋሉ፤ የራሳቸውን ልጅ ጆሮ ይደፍናሉ።

ሦስተኛው መከራከሪያ የዞረ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል የሚለው ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ይሄዳል፤ ይህን አልክድም፤ መሄድም መብቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 18 ሃይማኖትን የመለወጥ ነጻነትን በግልጽ አስፍሯል። ነገር ግን መጽሐፍ በማንበብ የሚፈርስ እምነት ቀድሞውንም የቆመው በልማድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙስሊሙ ሊቅ አል-ቢሩኒ የሕንዶችን ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪትን ተምሮ፣ ከብራህማን ሊቃውንት ጋር ተቀምጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ የሂንዱዎችን እምነት የሚያስረዳ ግዙፍ መጽሐፍ ጽፏል፤ በመግቢያውም መጽሐፉ የክርክር መጽሐፍ አለመሆኑን፣ የሂንዱዎችን ቃል እነርሱ እንደሚሉት አድርጎ እንደሚያቀርብ ገልጿል። ሙስሊም ሆኖ ገባ፣ ሙስሊም ሆኖ ወጣ። የካቶሊኩ መነኩሴ ቶማስ ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1968 ከቲቤት ቡድሂስቶች መሪ ከዳላይ ላማ ጋር ተገናኝቶ ስለ ተመስጦ ሲወያይ የገዳም ቃል ኪዳኑን አላፈረሰም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀኝ ግን የመነኩሴው የበራላምና የንጉሥ ልጅ የይዋስፍ ገድል ነገር ነው። አባቱ በሽታንና እርጅናን እንዳያይ በቤተ መንግሥት የደበቀው፣ አንድ ቀን ግን ሕመምተኛና ሽማግሌ አይቶ ዙፋኑን ትቶ የመነነው የንጉሥ ልጅ ታሪክ መነሻው የቡድሃ ገድል ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ፣ በዓረብኛ፣ በጆርጂያ ቋንቋ፣ በግሪክና በላቲን አልፎ የክርስቲያን ቅዱስ ገድል ሆነ፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያንም በቀድሞው የቅዱሳን መዝገቧ መታሰቢያውን ኅዳር ላይ መዝግባ ነበር። ወደ ግእዝ ከዓረብኛ የመለሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ ከየመን መጥቶ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከመሆን የደረሰው አባ ዕንባቆም ነው፤ ለኢማም አሕመድ በጻፈው «አንቀጸ አሚን» ከቁርኣን እየጠቀሰ የተከራከረውም እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ስንት ትውልድ የቡድሃን ሕይወት በገድል መልክ ሲያነብ፣ ሲያለቅስበትና ሲጸልይበት ኖረ። በዚህ ምክንያት ባዶ እጁን የቀረ አንድ መነኩሴ ስም ይጠሩልኝ።

ደዋይዋ ደግሞ እንዴት እንደምታደርገው ተናግራለች፤ ያን ክፍል ግን የቆረጡት ሰዎች ትተውታል። የሚሰገድ ሲሰገድ እንደማትሰግድ፣ ለአባላት ብቻ የተዘጋጀውን እንደማትቀበል፣ ፎቶ እንደማታነሣ፣ ስለ እምነቱ የምትጠይቀውም የሚጸልይበትን ሰው እንጂ ጠላቱን እንዳልሆነ ነው የተናገረችው። ከዚህ የተሻለ የአክብሮት መግለጫ አላውቅም። በምኩራብ የኦሪት ጥቅልል ሲነበብ ከኋላ ተቀምጦ ያየ ሰው ይህ ምን እንደሚያስተምር ይረዳል። አንባቢው ብራናውን በእጁ አይነካውም፤ ጫፉ የጠቆመ ጣት ቅርጽ ባለው አጭር በትር ቃል በቃል ይከተላል። ጥቅልሉ የአናባቢም የዜማም ምልክት ስለሌለበት ያን ሁሉ አስቀድሞ በቃሉ አጥንቶ ነው የሚመጣው፤ አንዲት ቃል ቢስት ከአጠገቡ የቆሙት ወዲያው ያርሙታል፣ እርሱም ተመልሶ ያነባታል። ይህን አይቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ የሌላ እምነት ተከታይ የራሱን መጽሐፍ ሲገልጥ እንደ ቀድሞው በቸልታ የሚገልጠው አይመስለኝም። ሰባኪው ለምእመኖቻቸው የሚመኙት ይህን ካልሆነ ምን ይመኛሉ?

የደዋይዋ ደጋፊ ነን ባዮችም አላስደሰቱኝም። «ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው» እያሉ ሊያጽናኗት የሞከሩት ከሰባኪው ያነሰ አድምጠዋል። ክርስቲያኑ ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሞተ ይላል፤ ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 157ኛ አንቀጽ አልገደሉትም፣ አልሰቀሉትም ይላል። የሂንዱ የቬዳንታ ሊቃውንት ዘላለማዊ ነፍስ አለች ሲሉ ቡድሃ ዘላለማዊ ነፍስ የለችም ብሎ አስተማረ። ጄይኖች የሚባሉት የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች ዓለምን የፈጠረ አምላክ የለም ብለው ሳለ በጾምና በምናኔ ብዙዎችን ያስንቃሉ። እነዚህን ሰዎች ሁላችሁም የምትሉት አንድ ነገር ነው ማለት ከመካከላቸው አንዳቸውንም አልሰማሁም ማለት ነው። የሚያከብር ፈላጊ ልዩነቱ እንዲለዝብለት አይለምንም፤ ባለቤቱ በሚናገርበት ጥንካሬ ልክ ይሰማዋል፣ ከዚያ በኋላ ይስማማል ወይም አይስማማም።

በዚያው ውይይት ላይ ሰባኪው ስለ ሂንዱዎች ሲጠየቁ «ድንጋይ ያመልካሉ» ብለው በሦስት ሴኮንድ አልፈዋል። አንድ ሂንዱ ቢጠየቅ ምስሉ ከመመለኩ በፊት መለኮት እንዲያድርበት የሚጠራበት ፕራና ፕራቲሽታ የሚባል ሥርዓት እንዳለ፣ ስግደቱም ለድንጋዩ እንዳልሆነ ያስረዳ ነበር። ሰባኪው ያንን ሰምተው እንደማይቀበሉት ቢናገሩ ማንም አይነቅፋቸውም፤ የእርሳቸው ሃይማኖት ምስልን የሚከለክልበት ምክንያት አለው፤ ክርክሩም ጥንታዊና የከበደ ነው። የቀረበው ግን ክርክር አልነበረም። ስለዚህ ለፕሮግራሙ አዘጋጆች አንድ ነገር አሳስባለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ከሰባኪው አጠገብ አንድ ወንበር ጨምሩና ስለ እምነቱ የሚወራበትን ሰው አስቀምጡበት፤ ስለ እርሱ የተባለውን ሰምቶ «አዎን፣ የምናምነው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስም ወደ ነቀፋው አትለፉ።